ነጩን እንዳትነኪው

«ብር ነው እላችኋለሁ!» አለች የሟቹ እህት ዴልፊና። ኩሽና ጠረጴዛው ላይ፣ በተዘረጋ የሱፍ ጨርቅ መሃል፣ ነጭ ሽጉጥ ያብረቀርቃል።

«የምን ብር? ኒኬል ነው» አለ ኤትሲዮ፣ ግራፓ አረቄ ጠብ ያለበትን ቡናውን ፉት እያለ። ከሟቹ ጋር አንድ ፋብሪካ ያረጀ ሰው ነው።

የኦርኔላ አባት ባቲስታ በጎን ክፍል ሳጥኑ ውስጥ ተጋድሟል፤ ጎረቤት በየተራ እየገባ ያማትባል። እሷ ግን እንባ አልመጣ ብሏታል። ሊሞት ሲል እጇን ይዞ «ነጩን እንዳትነኪው» ነበር ያላት። የቱን ነጭ? ሸሚዙን መስሏት ግራጫ አልብሳው፣ አክስቷ ምድር ቀውጢ አድርጋለች። ዛሬ ደግሞ ከቁም ሣጥኑ ይሄ ወጣ።

የከተማቸው የጋርዶኔ ሰው ጥቁር ባሩድ የሚጎርሱ የድሮ ሽጉጦችን አምሳያ እየሠራ ለሰብሳቢዎች ይሸጣል። ባቲስታ ብረቱ እንዳይዝግ በመድኃኒት የሚያጠቁረው ሠራተኛ ነበር። ሚስቱ ኢርማ በድንገት የሞተች ሰሞን አላለቀሰም፤ ከቀብር ማግስት ሥራ ገባ፤ ስሟንም ዳግመኛ አላነሳም። ኦርኔላ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች። እናቴን አይወዳትም ነበር የሚል ቂም ይዛ አደገች።

ከፍሪጁ በር ማግኔት አንስታ ሽጉጡን አስነካችው። ጠቅ ብሎ ያዘ።

«ይኸው! ብር ቢሆን ይይዝ ነበር?» አለ ኤትሲዮ።

«ብረት ላይ ብር ቢቀባም ይይዛል፣ ጋሼ። ማግኔቱ የሚያውቀው ውስጡን ነው።»

«ታድሎ!» አለች ዴልፊና። «የወንድሜን ውስጥ ያወቀ የለም። ኧረ እዚህ ጋ ዝጓል፤ በእንግዳ ፊት አያሳፍረን።» የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ አነሳች።

ኤትሲዮ እጇን ቀብ አደረገው። «ተይ! ኒኬል ሳይላጥ እንዲህ አይዝግም። ተሳስቻለሁ፤ ይሄ ምንም ያልተቀባ ብረት ነው። እኛ ‹ነጭ› የምንለው። በባዶ እጅ ከነካሽው ላብሽ ያዝገዋል።»

ኦርኔላ ጎንበስ አለች። ዙሪያው ዘይት ተቀብቷል፤ መሃል ላይ ግን ቡናማ የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ ሰያፍ ጠባሳ አቋርጦታል። ያንን ጠባሳ ታውቀዋለች። እናቷ ስታስተኛት ግንባሯ ላይ መስቀል የምትሠራበት ጣት ነው።

«ኢርማ ምሳ ልታደርስለት ፋብሪካ መጥታ ነካችው» አለ ኤትሲዮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «‹አበላሸሽብኝ!› ብሎ ጮኸባት። በዚያው ሳምንት ሞተች። አሻራው ሳይጠረግ ብረቱ አይጠቁርም፤ እሱ ደግሞ... አልጠረገውም።»

የኦርኔላ እንባ ያኔ መጣ፤ ዱብ ዱብ አለ። እንባዋን በአውራ ጣቷ ጠረገችና እጇን ወደ ሽጉጡ ሰደደች።

«ኧረ አትንኪው ብሎሻል!» አለች ዴልፊና።

ኦርኔላ እርጥቡን ጣቷን ከእናቷ አሻራ አጠገብ ጫን አደረገች። ከዚያም ሳትወለውለው ጨርቁን አለበሰችው።