የልብስ ሰፊው መልስ

አዲሳ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣ ነበር። አያንኳኳም። በሩ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ጫማውን አውልቆ ይገባል፣ መስኮቱ ሥር ያለችው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ወንበሯ የሟች ባለቤቴ ነበረች። ከእሷ በኋላ ከአዲሳ በቀር ማንም ተቀምጦባት አያውቅም።

«መብራት አለ?» ይላል።

«አለ።»

«እንግዲያው ዛሬ ማንን ነው የምንድረው?»

እንዲህ የሚለው አብረን የምናያቸው ፊልሞች ሁሉ በሠርግ ስለሚያልቁ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ኢባዳን ከተማ፣ ሞኮላ ሰፈር ውስጥ ፊልም አከራይ ነበርኩ። ስልክ ሲመጣ ደንበኛ ቀረ፤ ሱቁን ዘጋሁት። ሰው የሚገዳደልባቸውንና ጠንቋይ ያለባቸውን ፊልሞች ሸጥኳቸው። የፍቅርና የሳቅ የሆኑትን አርባ አንዱን ይዤ ቤት ገባሁ።

ሁሉንም ብዙ ጊዜ አይተናቸዋል። ያረጀ ሰው አዲስ ነገር ይናፍቃል የሚሉ አሉ። እኔ መጨረሻውን የማውቀውን ነው የምፈልገው። ልጅቷ ስታለቅስ አልደነግጥም፤ ከአርባ ደቂቃ በኋላ እንደምትስቅ አውቃለሁ። በሕይወቴ ይህን ያህል እርግጠኛ የሆንኩበት ሌላ ነገር የለም።

አዲሳ ከሁሉም የሚወደው የልብስ ሰፊውን ፊልም ነበር። ልብስ ሰፊው አንዲትን መድኃኒት ሻጭ ይወዳል። እሷ ሌላ ሰው ልታገባ ነው፤ የሠርጓን ቀሚስ እሱ ይሰፋል። ሆን ብሎ እያጠበበ ይሰፋዋል፣ ለመለካት ተመልሳ እንድትመጣ። ሰባት ጊዜ ትመላለሳለች። በሰባተኛው ቀን ይገባትና መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወርውራ «ልክህን አታውቅም አንተ!» ትለዋለች። እዚህ ላይ ሲዲው ተቧጭሯል። ድሮ አንዲት ደንበኛ የሻይ ኩባያ ከድናበት መልሳዋለች። ምስሉ ይሰባበራል፣ ድምፁ ይንተባተባል፣ ከዚያ ይዘልና ሠርጉ ይመጣል። የልብስ ሰፊው መልስ ጠፍቷል።

መልሱን የሚሰጣት አዲሳ ነበር። ምስሉ ሲሰባበር ከወንበሯ ይነሳል፣ ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ይይዛል፣ ለቴሌቪዥኑ እንዲህ ይላል፦

«ያንቺን ለክቼ የኔን ረሳሁት።»

ከዚያ ይቀመጣል። «ዳርናት» ይላል። ሁለታችንም እንስቃለን። ሰባ አራት ዓመቴ ነው። በሳምንት አንድ ቀን እስቅ ነበር፤ ያም ቅዳሜ ነው።

ስልኩን የላከችልኝ አቡጃ የምትኖረው ልጄ ኢቢሮንኬ ናት። «አባባ፣ ብቻዎን ነዎት፤ ከሰው ጋር ይሁኑ» አለችኝ። ከሰው ጋር እንድሆን የሞኮላ ነባር ነዋሪዎች ግሩፕ ውስጥ አስገባችኝ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው አለበት። ጎህ ሲቀድ አበባ ይልካሉ። ረፋዱ ላይ ስኳር በሽታን የሚያድን ቅጠል ይልካሉ። ከሰዓት በኋላ ይሰዳደባሉ። ማታ ጸሎት ይልካሉ። ብዙዎቹ የማውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ እንዲህ አይናገሩም።

አዲሳ ግን ስልኩን ወደደው። በፊልሙ መሃል ኪሱ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«አስቀምጠው» እለዋለሁ። «ሙሽራዋ እያየችህ ነው።»

«አንተስ ለምን ግሩፑ ላይ ድምፅህን አታሰማም? አዪንላ ሞቷል እያሉ ነው።»

«አልሞትኩም በላቸው።»

«ራስህ በላቸው። ፊደሉ ካስቸገረህ ምስል ተጫን። አበባ አለ፣ ልብ አለ፣ እጅ አለ። ሕፃን እንኳ ይችለዋል።»

ስልኩን ከእጄ ወስዶ ምስሎቹ የት እንዳሉ አሳየኝ። ያሳየኝ እሱ ነው። ይህን እሱም ያስታውሳል።

የአዲሳ እናት በዘጠና ስድስት ዓመታቸው አረፉ። በዚያው ቀን ቤቱ ሄጄ አብሬው ተቀመጥኩ። ያንን ግሩፑ ላይ ማንም አላየውም።

ቀብሩ ከአምስት ሳምንት በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ፤ በእኛ አገር ድግሱ እስኪደገስ ሬሳ ይቆያል። ለእንዲህ ያለ ትልቅ ሰው ቀብር ወዳጅ ዘመድ አንድ ዓይነት ጨርቅ ገዝቶ ይለብሳል፤ ጨርቁን የለበሰ የቤቱ ሰው ነው። አዲሳ የእናቱን ፎቶግራፍ ግሩፑ ላይ አወጣ። በወጣትነታቸው የተነሱት ነው፣ የጆሮ ጌጥ አድርገዋል። ከሥሩ «ጨርቁን የምትለብሱ እጅ አውጡ፤ ልቆጥር ነው» ብሎ ጻፈ።

ከሁሉም ቀድሜ መመለስ ፈለግሁ። መነጽሬ ሌላ ክፍል ነበር። እጅ ተባልኩ፣ እጅ ፈለግሁ፣ እጅ ተጫንኩ። ስልኩን አስቀምጬ ተኛሁ።

የላክሁት መዳፍ ነበር። አምስት ጣቶቹ ተበልጥጠው የተዘረጉ። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ መዳፍ ወደ ሰው ፊት ከገፋህ ዋካ ሰጠኸው ይባላል፤ እናቱን ሰደብክ ማለት ነው። ባሎች በዚህ ሚስት ፈትተዋል። ሾፌሮች በዚህ ተፈነካክተዋል። ምስሉ ብቻውን ስለተላከ ደግሞ ስልኩ አተለቀው። ከእናቲቱ ፊት በላይ ሆኖ ነበር።

ስነቃ ሰማንያ ሰባት መልእክት ነበር። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። «ፊልም አከራዩ ሽማግሌ ለሬሳ ዋካ ሰጠ።» «እርጅና ነው ወይስ ቂም?» «ድሮም ሲዲ ሲያከራይ ፊቱ አይፈታም ነበር።» አንዱ በሳቅ ብዛት እንባ የሚያፈስ ፊት ደርድሯል። አጠፋሁት። «አጠፋው! ጥፋቱን ያውቃል ማለት ነው» ብለው ጻፉ። የጠፋውን አንዱ ፎቶ አንስቶት ኖሮ መልሶ አወጣው። ወደ ሌላ ግሩፕም ሄደ።

ጫማዬን አድርጌ ሳልጨርስ ስልኩ ጮኸ። ኢቢሮንኬ ናት፣ ከአቡጃ።

«አባባ፣ ምን አድርገው ነው?»

«እጅ አውጣ ተባልኩ።»

«የምን እጅ? ቢሮዬ ድረስ እኮ ደርሷል!»

አዲሳ ቤት በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። በሩ ላይ ሚስቱን አገኘኋት፣ እንደ ልማዳችን በልጇ ስም የምጠራትን የባዮን እናት። ሳታየኝ በፊት ትስቅ ነበር። ስታየኝ ሻሿን አጠበቀች።

«የባዮ እናት፣ የባዮ አባት አለ?»

«ተኝቷል፣ የኢቢሮንኬ አባት።»

«በቀን?»

«ሐዘንተኛ አይተኛም?»

«እጠብቃለሁ።»

«አይጠብቁ። ልጆቹ እዚህ ናቸው፤ ደማቸው ትኩስ ነው። እርስዎን ያከበርኩ ነኝ፤ አያስደፍሩኝ።»

ከውስጥ የአዲሳ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ። በየቅዳሜው የምሰማው ነው። ተመለስኩ።

ለቀብሩ ነጭ ልብሴን ለብሼ ሄድኩ። ጨርቁን የሰጠኝ የለም። አራት መቶ ሰው ሰማያዊ ለብሶ በድንኳኑ ሥር ተቀምጧል፤ መሃሉ ላይ እኔ እንደ ወደቀ ወረቀት ነጣሁ። ምግብ የሚያድሉት ሴቶች የሚያዩት ጨርቁን ነው። ሦስት ጊዜ አለፉኝ። አንዲት ልጅ ስልኳን ወደ እኔ አዙራ ከጓደኛዋ ጋር ተንሾካሾከች። እጆቼን ጭኖቼ ሥር ከተትኳቸው።

አዲሳን ከቤቱ ጀርባ፣ ውኃ ታንከሩ አጠገብ አገኘሁት። ፊቱን ሊታጠብ ብቻውን ወጥቶ ነበር።

«አዲሳ።»

«አየሁህ አዪንላ። በነጭ ነው የመጣኸው።»

«እጅ አውጡ ብለህ ነው። መነጽሬን—»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?»

«አርባ ዓመት አውቅሃለሁ። አንተ ደጅህን ለምታረክስ ፍየል እንኳ ዋካ አትሰጥም። ያየኸው እጅ ነው፣ የተጫንከው እጅ ነው።»

ታንከሩን ያዝኩ።

«እንግዲያው ለምን በር ዘጋህብኝ?»

«ያየሁት እኔ ብቻ ስላልሆንኩ ነዋ። የእናቴ ወንድሞች አይተውታል። የማላውቃቸው ሰዎች አይተውታል። አንዱ የሥጋ ዘመዴ ምን ብሎ እንደጠየቀኝ ታውቃለህ? ‹አሁንም ቤቱ ሄደህ ፊልም ታያለህ?› አለኝ። ብመጣ አዲሳ እናት አልነበረውም ይላሉ።»

«ይበሉ።»

«አንተ እናትህን ከቀበርክ ሠላሳ ዓመትህ ነው፤ ይበሉ ማለት ትችላለህ። እኔ ዛሬ ነው የቀበርኳት።»

ፊቱን በጨርቁ ጫፍ አበሰ። እጁን ልይዘው ፈለግሁ፤ እጄን ሳነሳ መዳፌን አየሁት፣ መለስኩት። እሱም አየ። ወደ ድንኳኑ ገባ።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት የግሩፑ ሊቀመንበር ጡረተኛው መምህር ኦላጂዴ ደወለልኝ። «አባባ አዪንላ፣ ነገሩን ጨርሰነዋል፤ ስልክዎን ይመልከቱ» አለ። ተመለከትኩ። አዲሳ ጽፏል። «ወዳጄ አዪንላ ያደረገው ሳያውቅ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ እናቴም ይቅር ባይ ስለነበረች፣ በሁሉም ፊት ይቅር ብዬዋለሁ።» ቃሉ የአዲሳ አይደለም፤ «ስለተረጋገጠ» ብሎ አያውቅም። ከሥሩ አበባ፣ የተጋጠሙ እጆች፣ ርግብ። መቶ ሠላሳ ሁለት ሰው አጨበጨበ። አንዲት ሴት «አለቀስኩ» ብላ ጻፈች። ሴትዮዋን አላውቃትም።

መነጽሬን አድርጌ በፊደል «አመሰግናለሁ» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ቃል ለመጻፍ ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ሁለቴ አነበብኩት፣ ላክሁት።

ቅዳሜ ቤቱን ጠረግሁ። ወንበሯን ወለወልኩ። ከጥግ ካለችው ሴት ከተፈጨ አደንጓሬ የሚጠበሰውን ትኩስ አካራ ገዛሁ፣ በርበሬ የበዛበትን፣ እሱ እንደሚወደው። የልብስ ሰፊውን ሲዲ በሸሚዜ ጠርጌ አዘጋጀሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አሥር ሆነ። መብራት ነበር። አካራው ቀዘቀዘ፣ ዘይቱ ወረቀቱ ላይ ረጋ።

በሚቀጥለውም ቅዳሜ እንደዚሁ።

ከዚያ በኋላ ማክሰኞ ዕለት ጸጉር አስተካካዩ ቤት አገኘሁት። ተላጭቶ ጨርሶ ሊወጣ ነው፤ አንገቱ ላይ ዱቄት አለ።

«ሁለት ቅዳሜ ጠበቅሁህ» አልኩት።

«ታረቅን እኮ፣ አዪንላ። አላየኸውም?»

«አየሁት።»

«ሰው ሁሉ እያየ ነው ይቅር ያልኩህ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

«ሰው ሁሉ ካየ ለምን አትመጣም?»

ጸጉር አስተካካዩ መቀሱን አቆመ። አዲሳ ወደ እሱ አየ፣ ቀጥሎ ወንበር ላይ ወደሚጠብቁት ሁለት ልጆች አየ። ሁለቱም ስልክ ይዘዋል። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አሁን ዝም ብለዋል። ብመጣ እንደገና ይጀምራሉ። ዝም እንዳሉ ይቆዩ።»

«የልብስ ሰፊው—»

«በእግዜር፣ የኢቢሮንኬ አባት።»

አርባ ዓመት አዪንላ ብሎ ነው የጠራኝ። በልጄ ስም ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው። አንገቱን አራግፎ ወጣ። በመንገዱ ማዶ ሆኖ ስልኩን ከኪሱ ሲያወጣ አየሁት። የኔም ኪስ ተንቀጠቀጠ። አወጣሁት። ለግሩፑ በሙሉ አበባ ልኳል።

ባለፈው ቅዳሜ ሲዲውን ብቻዬን ከፈትኩት። አካራ አልገዛሁም። መድኃኒት ሻጯ ስትገባ ስትወጣ፣ ልብስ ሰፊው ክር በጥርሱ ሲበጥስ አየሁ። አንደኛው ልኬት፣ ሁለተኛው ልኬት። ቀድሞ በምስቅባቸው ቦታዎች ሁሉ ሳቁ የት እንደነበር አስታወስኩ። ሰባተኛው ደረሰ። መቀሱን ወረወረች።

«ልክህን አታውቅም አንተ!»

ምስሉ ተሰባበረ። መልሱን አውቀዋለሁ። ለስንት ዓመት የሰማሁት ነው። ተነሳሁ፣ ቆቤን አወለቅሁ፣ አፌን ከፈትኩ። ቃሉ የአዲሳ ነው፤ በኔ ድምፅ አልወጣም። ሲዲው ዘለለና ሠርጉ መጣ፣ ሰው ሁሉ ይጨፍራል።

ወደ ኋላ መለስኩት። መቀሱን እንደገና ወረወረች። ዓይኗ በቀጥታ ወደ እኔ ነው፤ ድሮ አስተውዬው አላውቅም ነበር።

«ልክህን አታውቅም አንተ!» አለችኝ።