የአማቷ ስም

ትርፌ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ስትሠራ አድራ፣ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር አማቷን አቶ ዓለማየሁን ይዛ ኢስት ዮርክ ሰፈር ወዳለው ክሊኒክ ሄደች። ሽማግሌው ከአገር ቤት ከመጡ ገና ወራቸው ነው፤ ለደም ግፊታቸው መድኃኒት ሊታዘዝላቸው ነበር። እሷም በዚያው ወገቧን ልትታይ ቀጠሮ ይዛለች።

ነርሷ በሩን ከፍታ «ዓለማየሁ!» ስትል ሁለቱም ብድግ አሉ።

«ሚስስ ዓለማየሁን ነው» አለች ነርሷ።

ሽማግሌው ግራ እንደገባቸው ተቀመጡ። ትርፌ ታይታ ስትወጣ ጠየቋት።

«ልጄ፣ የተጠራሁት እኔ አይደለሁም?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ። ስንጋባ ያሬድ ‹ለቤቱም ለልጆቹም አንድ ላስት ኔም ይቀለናል› ብሎኝ በእርስዎ ስም ተመዘገብኩ።»

ስሙን በአፏ ጠርታው አታውቅም፤ የአማት ስም እንዴት ይጠራል! በየመሥሪያ ቤቱ ግን ስትፈርምበት ኖራለች።

«ሚስት የአባቷን ስም ትተዋለች እንዴ? አባትሽስ ምን ይሉኛል?»

«አባቴን አላውቀውም። ሳልወለድ ነው ጥሎን የሄደው። ያንን የማላውቀውን ሰው ስም ይዤ አደግኩ፤ አሁን ደግሞ የእርስዎን። ያሳደገችኝ እናቴ ናት። የሷን ስም ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

«ማን ይባላሉ?»

«ውብአለም።»

የሽማግሌው ተራ ደርሶ መድኃኒታቸው ታዘዘላቸው። አውቶቡስ ውስጥ በመስኮቱ ወደ ውጭ እንዳዩ ቤት ደረሱ።

ያሬድ ከሥራ ሲገባ አባቱ ጃኬቱን እስኪያወልቅ እንኳ አልጠበቁትም።

«ስሜን የሰጠሁት ለአንተ ነው፤ ለሚስትህ አይደለም። የእናቷን ስም ትያዝ።»

«አባባ፣ ቀላል አይደለም እኮ። ፓስፖርቱ፣ ባንኩ፣ የቤቱ ውል፣ ሁሉም ቼንጅ መደረግ አለበት። ደግሞ በእናት ስም የሚጠራ ማን አለ?»

«አይኖር ይሆናል። ያሳደጓት ግን እናቷ ናቸው።»

ያሬድ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ፓስፖርት ስናድስ እናስብበታለን፣ እሺ?»

በየመስኮቱ የምትሰለፈውም፣ ለየመሥሪያ ቤቱ ኮል የምታደርገውም እሷው ራሷ እንደምትሆን ታውቃለች። ልትከራከረው ፈልጋ ነበር፤ አቅም አጣች። «እሺ» ብላ ሶፋው ላይ ጋደም አለች።

መቼ እንዳሸለባት አላወቀችም። አቶ ዓለማየሁ ወጡን ራሳቸው አሙቀው፣ ሳህኑን አቅርበው አጠገቧ ቆሙ።

«ትርፌ ውብአለም» አሉ ቀስ ብለው። «ተነሺ፣ እህል ቅመሺ።»

ሰማቻቸው። ዓይኗን ግን ወዲያው አልገለጠችም።