የተደበቀ ቀለም

ለቀስተኞቹ ዝም ባሉ ቁጥር የጓሮዎቹ ድርጭቶች ይጮኻሉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንድ ጎረቤት፣ «ርቧቸው ነው መሰለኝ፤ ሐዘን መሆኑን ማን ይንገራቸው» ቢል፣ ፊቱን አጥቁሮ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ፈገግ አለ። የሟቹ ብቸኛ ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ የሻይ ብርጭቆዎቹን ትታ ወጣች።

ጥሬ እየበተነችላቸው ሳለ አክስቷ፣ የአባቷ ታላቅ እህት፣ መጥታ አጠገቧ ቆመች። አክስቷ ይህን ቤት በዓመት አንዴ ብትረግጠው ነው። መጥታም ከልጅቷ እናት ጋር ከሰላምታ አያልፉም። ለምን እንደሆነ ልጅቷ ጠይቃ መልስ አግኝታ አታውቅም።

«አባትሽ እነዚህን ማርባት ለምን እንደጀመረ ነግሮሽ ያውቃል?»

«ወፍ ስለሚወድ ነዋ።»

«ወፍስ አይወድም ነበር። የእኔ ምላስ ነው ያስጀመረው።»

ልጅቷ ስትወለድ ጠጉሯ መዳብ ይመስል ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። በአባቷም በእናቷም ወገን ከጥቁር ጠጉር ሌላ አይታወቅም። አክስቷ ሕፃኗን እንዳየች ወንድሟን ወደ ጓሮ ጠርታ፣ «ይቺ ልጅ የአንተ አትመስለኝም» አለችው። ሰዓት ጠጋኝ ነበር፤ ቁጣ አያውቅም። በሳምንቱ ግን አንዲት ቅቤ የመሰለች ክሬም ድርጭትና አንድ ቡናማ ዝንጉርጉር ወንድ ገዝቶ ገባ።

«ጫጩቶቹ በሙሉ ቡናማ ሆነው ወጡ» አለች አክስቷ። «የእናትየዋ ቀለም የት ገባ ብዬ ሳቅሁበት። እሱ ግን አሳደጋቸውና እርስ በርስ አራባቸው።»

ከዚያ አንድ ቀን አስጠራት። ካርቶን ውስጥ ላባቸው ገና ያልደረቀ አሥራ አንድ ጫጩቶች ነበሩ፤ ስምንቱ ጀርባቸው ላይ ጥቁር መስመር አላቸው፣ ሦስቱ ቅቤ ይመስላሉ።

«እናትም አባትም ቡናማ ናቸው» አላት በለሆሳስ። «ቀለም ይደበቃል እንጂ አይጠፋም። ከአንድ ወገን ብቻ ሲመጣ ተደብቆ ይቀራል፤ የሚታየው ከሁለቱም ሲመጣ ነው። የልጄ ጠጉር ከእኛም ቤት ነው፣ እህቴ።»

አክስቷ የሽቦውን በር ያዘች። «ያኔ አያታችን ትዝ አለችኝ። ያለ ሻሽ ያየኋት አንዴ ነው፣ ልጅ ሆኜ። መዳብ ነበር። ወንድሜ ይቅር ብሎኛል። እናትሽን ግን በየትኛው ዓይኔ ልያት?»

ልጅቷ እንባዋ መጣ። አባቷ በየጠዋቱ ኩሳቸውን ሲጠርግ ስትቀልድበት ኖራለች።

«አንቺን ከረታሽ በኋላስ ለምን አልተዋቸውም?»

«ያኔማ ወዷቸው ነበር።»

ሁለቱም እያለቀሱ ሳቁ። ከዚያ ልጅቷ አክስቷን እጇን ይዛ አስገባቻት።

እናቷ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። አክስቷ ፊቷ ቆማ፣ «አንድ የበደልኩሽ ነገር አለ...» ብላ ጀመረች።

«አውቃለሁ። ያን ቀን መስኮቱ ክፍት ነበር።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ዝም አልሽኝ?»

«እስክትነግሪኝ ነዋ። እንዲህ ትዘገያለሽ ብዬ መች አሰብኩ።»

እናትየው ቦታ ለቅቃላት ወደ ግድግዳው ጠጋ አለች። አክስቷ ጫማዋን አውልቃ አጠገቧ ስትቀመጥ፣ እናትየው የብርድ ልብሱን ጫፍ አነሣችና የሁለቱንም ጉልበት ሸፈነችበት።