አንድ ባልዲ ቴክሳስ

ማርላ ኦክላሆማዊ ያገባች ጊዜ አባቷ ሆይት ማካልፒን፣ ጫማዬ የዚያን አገር መሬት አይረግጥም ብሎ ማለ። ሠርጉ ቴክሳስንና ኦክላሆማን ከሚለየው ከቀይ ወንዝ ማዶ ነበርና ሳይሄድ ቀረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አባትና ልጅ ሁለት ዓመት ተኳርፈው ከረሙ። በቴክሳሷ አቢሊን አካባቢ ከብትህን ከሰረቀህ ሰው ጋር ትታረቃለህ፤ በኦክላሆማ ነገር ግን ቀልድ የለም።

አንድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። ማርላ ናት፤ ምጧ ከቀኑ ቀድሞ መጥቶባታል። «አባዬ፣ አፈር አምጣልኝ» አለችና ዘጋችው።

ሆይት እንባው መጣ። በእነሱ ልማድ፣ ልጅ ከቴክሳስ ውጭ ሲወለድ የእናቱ አልጋ ሥር የቴክሳስ አፈር ከተቀመጠ፣ የትም ይወለድ የት ቴክሳሳዊ ነው። ሆይት ራሱ አባቱ ወታደር ሳለ ጆርጂያ የተወለደው አልጋ ሥር አንድ ጣሳ አፈር ተቀምጦ ነው፤ ጣሳውን ዛሬም ከቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱሱ እኩል ያከብረዋል። ማርላ ይቅርታ አላለችም፤ እሱም ቢሆን አላለም። አፈሩን ይዞ ከደረሰ ግን ልጁን አገኘ ማለት ነው። ባዶ እጁን ቢሄድ ሁለተኛ የምትደውልለት አልመሰለውም።

ባልዲና አካፋ ይዞ ሲወጣ ሚስቱ ዲሊያ በረንዳው ላይ ያዘችው።

«ከየት ልትዝቅ ነው?»

«ከግጦሹ ነዋ። ቅድመ አያቴ ከብቱን እየነዳ የገባበት።»

«የእናንተ ሰዎች ገና ሳይመጡ የኔዎቹ ደቡብ ላይ ያርሱ ነበር። የሜክሲኮ ድንበር እላያቸው ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል እነሱ ንቅንቅ አላሉም።» ከአያቷ ግቢ ከነአፈሩ ተነቅሎ የመጣ ጽጌረዳ ያለበትን ማሰሮ አነሳችና ግማሹን ባልዲው ውስጥ ገለበጠች።

ከሁሉም በፊት የነበሩት የአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ኮማንቺዎች ናቸው፤ በረንዳው ላይ ስለ እነሱ የሚናገር ስላልነበረ እንደ ልማዱ ታለፉ።

ሆይት ከግጦሹ ዝቆ ሲጨምርበት ታናሽ ወንድሙ ሩፉስ ወሬ ሰምቶ መጣ። በከብቱ ስትከስሩ ያበላችሁ ነዳጁ አይደለም ወይ ብሎ ከነዳጅ ጉድጓዱ ዳር የተዛቀ ጥቁር ጭቃ ጨመረ። ጉድጓዱ ከደረቀ ቆይቷል። ሩፉስ የሚኖረው መሬቱ ላይ ከተተከሉት፣ ኤሌክትሪክ ከሚያመነጩት የነፋስ መዘውሮች በሚያገኘው ኪራይ ነው፤ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቆሞ ይራገማቸዋል፤ ሰኞ ኪራዩን ይቀበላል። ከዚያ የትኛው ይብዛ የሚል ክርክር ተነሣ። እየተገፋፉ ሲጨምሩ ግማሹ መሬት ፈሰሰ፤ ሆይትም እየተንጎራደደ ረገጠው።

ጎረቤታቸው ኦዜላ ከአጥሩ ማዶ ስትሰማ ቆይታ፣ ከማሳዋ በእፍኟ ዘግና መጣች፤ ባልዲው ላይ ስትበትነውም ግማሹ ሆይት እግር ሥር ፈሰሰ።

«አያቴ ጥጥ የለቀመችበት ከሌለበት ምኑን ቴክሳስ ሆነ? ከባርነት ነፃ ወጥታችኋል ብላችሁ የነገራችሁን እንኳ ሁለት ዓመት ተኩል ዘግይታችሁ ነው። አሁንም ያው ናችሁ፤ ልጅቷ እያማጠች ነው እኮ።»

ልክ ነበረች። የማርላ ባል ደውሎ ልትወልድ ነው ሲል ሁሉም ተሯሯጠ፤ ሆይትና ዲሊያ ፒካፕ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ወደ ሰሜን በረሩ። የቀይ ወንዝ ድልድይ ላይ ሆይት ውኃ ውስጥ እንደሚገባ ሰው ትንፋሹን ዋጠ።

ሆስፒታሉ ደጅ መኪናውን አቁሞ በሩን ከፈተ፤ መሐላው ትዝ ሲለው ግን እግሩ አልወርድ አለው። ፊቱን ወደ ኋላ አዞረ። የመኪናው መጫኛ ባዶ ነው።

«ባልዲውስ?»

«አንተ አልጫንከውም?»

በረንዳው ላይ ነው። የትኛው አፈር ይሁን ሲሉ አፈሩን ረስተውት መጡ። ዲሊያ ወርዳ ከሆስፒታሉ የአበባ መደብ አፈር ልትዘግን ጎንበስ አለች፤ ያው ቀይ አፈር ነው፣ ማን ያውቃል አለችው። «እኔ አውቃለሁ» አላት። እንዲህ ዓይነት ሐፍረት በዕድሜው ተሰምቶት አያውቅም። አንገቱን ሲደፋ ግን ዓይኑ ቡትስ ጫማው ላይ አረፈ። የግጦሹ እበት፣ የሩፉስ ጭቃ፣ የዲሊያ ማሰሮ፣ የኦዜላ እፍኝ፣ ሁሉም እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተለጥፏል።

ዲሊያም አየችው። «ሠላሳ ዓመት ጥረገው ስልህ እንኳን አልሰማኸኝ» አለች።

እንዳይራገፍ ጫማውን አወለቀና እንደ ሕፃን አቅፎ፣ በካልሲው ገባ። ነርሷ ከላይ እስከ ታች አየችው። ባልዲ ይዘው የሚመጡ ቴክሳሳውያንን ለምዳለች፤ ጫማ ግን አላጋጠማትም። የላስቲክ ከረጢት አምጥታ ጫማውን ከተተችና አፉን ቋጥራ ሰጠችው።

ማርላ ላብ በላብ ሆና ዞረች። «አፈሩስ?»

ከረጢቱን አሳያትና ተንበርክኮ አልጋው ሥር አስገባው። ማርላ ልትቆጣ ነው ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን በምጧ መሐል ሳቀች፤ ያው የድሮው የቤታቸው ሳቅ ነው። እጁንም ያዘች፤ ሴት ልጅ እስክትወለድ ድረስ አለቀቀችውም።

ጨቅላይቱ ደረቷ ላይ ስትተኛ ማርላ ወደ ወለሉ አየች። የአባቷ ካልሲ ተቀዶ አውራ ጣቱ የኦክላሆማ ሲሚንቶ ላይ ቆሟል።

«ጫማዬ አይረግጥም ብለህ ነበር» አለችው።

«አልረገጠም። ላስቲክ ውስጥ ነው።»

«በረደህ?»

«በጣም» አለ ሆይት፤ ከቆመበትም አልተነቃነቀም።