የሰኞ፣ የረቡዕና የዓርብ ውሃ

እንደ ወንድሟ አነጋገር ከሆነ መኪናው አንዲት ጠብታ ውሃ አያጎድልም። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ክርኑን በመስኮት አውጥቶ ሥራ ሄዶ ይመለሳል፤ በማግስቱ ጠዋት ኮፈኑን ከፍቶ ሲያይ የራዲያተሩ ውሃ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። "ሽማግሌ ይሁን እንጂ ጤነኛ ነው" ይላል፣ መኪናውን እንደ ጓደኛ ትከሻ መታ መታ እያደረገ።

እንደ እሷ አነጋገር ከሆነ ደግሞ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ይኸው ጤነኛ አንድ ሊትር ተኩል ይጠጣል። በግምት አይደለም የምትናገረው። የኬሚስትሪ መምህርት ናት። ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ባመጣችው መለኪያ እየሰፈረች ስትሞላ፣ ቀኑንና መጠኑን በመኪናው ኪስ በምታኖረው ደብተር ስትመዘግብ ሁለት ወር ሊሞላት ነው።

"መኪናው ያው፣ መንገዱ ያው" አለ ወንድሟ እሁድ ዕለት ደብተሩን አገላብጦ ሲመልስላት። "የሚለየው ሾፌሩ ነው። ክዳኑን አጥብቀሽ አትዘጊውም።"

"ክዳኑን ሁለቴ ቀይረነዋል እኮ፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው መኪናው አይወድሽም።"

ቀልዱ አላሳቃትም። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ግሎባት መሀል መንገድ ላይ ቆማለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ከሥራው ተነሥቶ መጥቶ ያስጎተተው እሱ ነው። ስለዚህ ቢመረው አልፈረደችበትም። አንጀቷን ያሳረረው ቀጥሎ የተናገረው ነው።

"አንድ ባልደረባዬ ሊገዛው ይፈልጋል። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት መጥቶ ያየዋል። እስከዚያ የሚያፈስበት ከተገኘ እሰየው። ካልተገኘ ይሸጥ። አንድ ቀን ሞተሩ ተቃጥሎ ቁርጥራጭ ብረት ከሚሆንብን።"

"እማዬስ?"

"ኮንትራት ታክሲ እንይዝላታለን።"

እናታቸው በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት አላት። አራት ሰዓት ማሽን ላይ ቆይታ ስትወጣ እግሯ አይታዘዛትም፤ የሚኒባስ ደረጃ መውጣት የማይታሰብ ነው። የኮንትራት ታክሲውንም ሞክረውታል፤ ጠዋት ያደርሳታል፣ ከሰዓት ስልክ አያነሣም። አባታቸው ትቶላቸው የሄደው ይህ አሮጌ መኪና ግን ዝቅ ያለ ነው። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ተራ በተራ ማስገባት ብቻ ነው የሚጠበቅባት።

"እኔ በተገኘው እሄዳለሁ፤ በእኔ የተነሣ አትነታረኩ" አለች እናታቸው ከሶፋው ላይ።

እንዲህ ናት። አመመሽ ወይ ሲሏት "ደህና ነኝ" ናት። በረደሽ ወይ ሲሏት "ኧረ ምን በወጣኝ" ናት። ከእጥበት ወጥታ ጥርሷ እየተንገጫገጨ እንኳ እንደማይበርዳት ትምላለች። ልጇ መልስ መጠበቅ ከተወች ቆይታለች፤ ብርድ ልብሱን ጭኗ ላይ ጣል ታደርግላትና ሂተሩን እስከ መጨረሻው ትከፍታለች።

ረቡዕ ጠዋት ከሥራ ሰዓት በፊት መኪናውን ጋራዥ አደረሰችው። መካኒኩን ሁሉም "ጆሮ" ይሉታል። ረጅም ካቻቢቴ ሞተሩ ላይ ተክሎ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚያዳምጥ ነው። ሞተር እንደሚያዳምጠው ሰውም ቢያዳምጥ ጥሩ ነበር።

"ቆይ እስቲ ለወንድምሽ ልደውልለት" አለ ደብተሩን ገና ሳያነበው።

"እኔ እዚህ ቆሜ?"

"ለማጣራት ያህል ነው፣ እህቴ።" ደወለ፤ አዳመጠ፤ ራሱን ነቀነቀ፤ ዘጋ። "ምንም አያጎድልም ነው የሚለው።"

"እኔ ደግሞ ያጎድላል ነው የምለው። አንተ የምትጠግነው የትኛውን ነው? የእሱን ማክሰኞ ወይስ የእኔን ሰኞ?"

ጆሮ ሳቀ። ራዲያተሩ አፍ ላይ የእጅ ፓምፕ ገጥሞ አየር ሞላ፤ መርፌው ወጥቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ማኒኮቶ የሚላቸውን ወፋፍራም የጎማ ቱቦዎች አንድ በአንድ ጨመቀ፤ ደረቅ ናቸው። የውሃ ፓምፑን ሥር በጣቱ ዳሰሰ፤ ደረቅ ነው። ከመኪናው ሥር ካርቶን አንጥፎ ሞተሩን ግማሽ ሰዓት አስጮኸው። ካርቶኑ ላይ የወደቀው ከራሱ ግንባር የተንጠባጠበ ላብ ብቻ ነው።

"ይኸው፣ አየሽ" አለ እሷን የረታት ይመስል።

"ምኑን ነው የማየው? ትናንትና ጠዋት አንድ ሊትር ተኩል ሞልቻለሁ እያልኩህ!"

ካቻቢቴውን ጀርባው ላይ እያሸ አሰበ። "ችግሩ ተራ ውሃ ነው የምትሞይው። ተራ ውሃ ከደረቀ ዱካ የለውም። አረንጓዴውን ኩላንት እንሙላበት። የትም ይሂድ የት ቀለሙን ጥሎ ነው የሚያልፈው።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ተስማማችለት። እሷም በቤተ ሙከራ ብትሆን ይህንኑ ታደርግ ነበር። ለምን ቀድሞ እንዳልመጣላት ግን ራሷን ታዘበች።

ያን ዕለት ከሰዓት እናቷን ከሆስፒታል ስታመጣ መስታወቱ ከውስጥ በኩል ደጋግሞ ጉም እየለበሰ አስቸገራት። በእጅጌዋ ስትጠርገው ቅባት ነገር ይዞ መጣ። ጣፋጭ ሽታም ሸተታት።

"አዲስ የሳል ሽሮፕ ሰጡሽ እንዴ፣ እማዬ?"

"ኧረ የለም። ምን ሸተተሽ?" እናቷ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ አስጠጋች።

"ተይው።" መኪናው ውስጥ ሁለት ሰው ሲተነፍስ መስታወት ጉም ይለብሳል፤ ይህን ለተማሪዎቿ ስንቴ አስተምራለች።

ሐሙስ ጠዋት ገና ቁርስ ሳትጨርስ መኪናውን ይዞ የወጣው ወንድሟ ከጋራዥ ደወለ። "ጎድሏል። አንድ ሊትር ተኩል። ከሥሩ ግን አረንጓዴ የሚባል ነገር የለም፤ ጆሮን ራሱን ጠርቼ በባትሪ አሳይቼዋለሁ።"

"ምን አለ?"

"ወይ ሰይጣን አለበት ወይ እህትህ አለችበት አለ።"

ስልኩን በቁጣ ዘጋችው። የሚያናድደው ደግሞ ሁለቱም የሚዋሹ አለመሆናቸው ነው። ወንድሟ ያየውን ነው የሚናገረው፤ ጆሮም ያየውን። ማታ መኪናው ሲመለስ ወጥታ ክዳኑን ሰባት ጊዜ ከፍታ ዘጋችው። እውነት እኔ እሆን እንዴ ብላ አሰበች፤ ማሰቧም ራሱ አበሳጫት።

ዓርብ ከሰዓት ከሆስፒታል ተመልሰው እናቷን ቤት አስገብታ ኮፈኑን ስትከፍት ያው ነው፤ ጎድሏል። ወንድሟ ለነገው ገዢ መኪናውን ሊያጥብ ባልዲ ይዞ ከበር ቆሟል። አልፋው እጇን ልትታጠብ ገባች።

የመታጠቢያ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። እናቷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሳፋ ውስጥ አንዳች ነገር ታሻለች። ልጇን ስታይ ፎጣ ጣል አደረገችበት።

"እማዬ፣ ደክሞሽ መጥተሽ ልብስ ታጥቢያለሽ? ምንድን ነው የምትደብቂው?"

"ካልሲ ነው። ሂጂ አንቺ፣ እጨርሰዋለሁ።"

ፎጣውን አነሣችው። የሳፋው ውሃ አረንጓዴ ነው። የእናቷ ነጭ ካልሲዎች ከጣቶቹ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አረንጓዴ ሆነዋል፤ አጠገባቸው እንደዚያው የሆነ ትንሽ ፎጣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

"አትጩኺ" አለች እናቷ ቀድማ። "መድኃኒቱ መሰለኝ። ሰኞ አዲስ ጀምረውልኝ የለ?"

"በእግር የሚወጣ መድኃኒት የት ታውቂያለሽ?"

"እኔ ምን አውቄ፣ ኬሚስትሪ የተማርሽው አንቺ!"

መምህርቷ ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ አለች። "ከመቼ ጀምሮ ነው እግርሽ የሚረጥበው?"

"ሁለት ወር ይሆነዋል። ቀለም ያመጣው ግን ከረቡዕ ወዲህ ነው። ሐኪሙ እግርሽ ውሃ ቋጥሯል አላለም? የቋጠረው እያዠ ነው ብዬ ፎጣ እያነጠፍኩበት።" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ብነግርሽ ለሐኪሙ ትናገሪያለሽ። እሱ ደግሞ ተኝተሽ ትታከሚያለሽ ይለኛል። አልጋ ከያዝኩ የምነሣ አይመስለኝም።"

ልትጮኽባት ይሁን ልታቅፋት ግራ ገባት። "ጋሼ!" ብላ ነው የተጣራችው፣ ካልሲውን እንዳንጠለጠለች። "ጋሼ፣ ና ጠብታህን እይ!"

ጋራዥ የደረሱት ጆሮ ሊዘጋ ሲል ነው። እናቲቱ ብቻዬን ቤት አልቀመጥም ብላ ደረቅ ካልሲ አድርጋ አብራ መጥታለች፤ ከአንድ መኪና የወጣ ወንበር ግድግዳው ሥር ተቀምጦ ነበርና እሱ ላይ አረፈች። ጆሮ ከፊተኛው ወንበር ሥር የጎማውን ምንጣፍ ገለጠ። ከታች ያለው የጨርቅ ምንጣፍ በእጁ ሲጫነው ጭቅ ብሎ አረንጓዴ ተፋ።

"ሂተሩን ማን ነው የሚከፍተው?" አለ ቀና ብሎ።

"እኔ" አለች። "እማዬ ስትኖር ብቻ።"

"እኔ አንድም ቀን ከፍቼው አላውቅም" አለ ወንድሟ።

ጆሮ ሞተሩን አስነሥቶ አሞቀውና ሂተሩን ከፈተ። እጁን ከዳሽቦርዱ ሥር አስገብቶ ትንሽ ቆይቶ ሲያወጣው መዳፉ አረንጓዴ ሆኗል። "የሂተሩ ራዲያተር ተሰንጥቋል። ሂተሩ ካልተከፈተ ውሃ ወደዚያ አይሄድም፤ እኔም ዘግቼው ነው የፈተንኩት።" መዳፉን በጨርቅ እየጠረገ ወደ መምህርቷ ሳያይ ጨመረ፤ "መጠየቅ ነበረብኝ።"

"የሚጠየቅ ሰው አጠገብህ ቆሞ ነበር" አለችው።

"አሁንስ ምን ይሻላል?" አለ ወንድሟ ቶሎ ብሎ።

"ሁለት መንገድ አለው። ሙሉ ዳሽቦርዱን አውርጄ ሂተሩን መቀየር፤ አራት አምስት ቀን ይወስዳል። ወይም ሁለቱን ማኒኮቶ እርስ በርስ አገናኝቼ ሂተሩን መዝለል፤ ግማሽ ሰዓት። ውሃ ማጉደሉ ያቆማል፣ ሂተር ግን የለም።"

"ግማሽ ሰዓቱን አድርገው። ነገ ዘጠኝ ሰዓት ሰው ይመጣል።"

"ተገኘ እኮ፣ ጋሼ! ከተገኘ እሰየው አላልክም?"

"ዛሬ ሂተር፣ ነገ ሌላ። አሮጌ ነው እኮ፣ እህቴ። ነገም የማስጎትተው እኔው ነኝ።"

"ለገዢው ሂተር የለውም ትለዋለህ?"

"ከጠየቀኝ።"

"ካልጠየቀህስ?"

የመኪናውን በር ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ጆሮም ካቻቢቴውን መመርመር ጀመረ። ሦስቱም እናቲቱ አጠገባቸው እንደሌለች ቆጥረው ሲነጋገሩ ቆይተው ነበር፤ የሷ ድምፅ የተሰማው አሁን ነው።

"ሊብሬው በማን ስም ነው?"

"ባንቺ ስም ነው፣ እማዬ" አለ ወንድየው። "ግን አንቺ እኮ በተገኘው እሄዳለሁ..."

"ብዬ ነበር። እግሬም እያዠ ነው ብዬ ነበር።" ብርድ ልብሷን ወደ ትከሻዋ ሳበች። "ስማ፣ ልጄ ጆሮ። ዳሽቦርዱን አውርደውና ሂተሩን ቀይርልኝ፤ ይበርደኛል። መኪናውም አይሸጥም። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ሰኞና ረቡዕ ይሄ ጎረምሳ አዝሎ ሚኒባስ ያስገባኛል።"