የእሜቴ ክሪክ እጀታ

ጋሽ ቀስበሉ የወጣላቸው ስም ነው። ያወጡላቸው አብረዋቸው የሠሩ መካኒኮች ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት በጋራዥ ሲኖሩ «ቀስ በሉ» የሚለው ቃል ከአፋቸው ጠፍቶ አያውቅም፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ባይ ናቸው። ቀስ ማለትን የተማሩት ግን ከተረት አይደለም፤ ከገዛ ወንድማቸው እግር ነው።

ያኔ ሁለቱም ወጣቶች ነበሩ። ታናሽየው መኪና ሥር ተኝቶ ሲሠራ፣ ታላቅየው ከደንበኛ ጋር ወሬ ይዘው ሳሉ ወንድማቸው የወጣ መሰላቸውና መኪናውን ወደ ላይ የያዘውን ክሪክ ለቀቁት። እግሩ ተሰበረ። ወንድምየው ድኖ ዛሬ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ትንሽ ያነክሳል። «ወንድሜ እግሬን አሳጠረው፤ እኔ ግን ፀጉር እኩል ነው የምቆርጠው» እያለ ደንበኞቹን ያስቃል። በዚህ ቀልድ አንድም ቀን ስቀው የማያውቁት ጋሽ ቀስበሉ ብቻ ናቸው። ከዚያ ወዲህ በእሳቸው ጋራዥ አንድ ሕግ ወጣ፤ መኪና ሥር የሚገባ ሰው የክሪኩን እጀታ ነቅሎ ይዞ ይገባል። እጀታው ከሌለ ክሪኩን ማንም ማውረድ አይችልም፤ ወሬኛም ይሁን ወንድም።

አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ግቢያቸው ውስጥ፣ ቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ እሜቴ ቆማለች። እሜቴ ዕድሜዋ ከሃምሳ ያለፈ፣ ክብ ክብ መብራት ያላት ሰማያዊ መኪና ናት። ብትንትኗ ወጥቶ ሳለ ገዝተው ራሳቸው ናቸው የገጣጠሟት። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ከማርሽ ሳጥኗ፣ ከካምቢዮዋ፣ ዘይት ታፈሳለች። ጥገናው ከሥር ተኝቶ ዘይቱን የሚያግድ አንድ ጎሚኒ መቀየር ብቻ ነው፤ ምን ያደርጋል፣ ጉልበታቸውም ወገባቸውም እምቢ ብሏል። ሌላ ሰው ደግሞ አያስገቡም። ሰው መኪና ሥር ተኝቶ እሳቸው ከላይ መቆም ያስፈራቸዋል፤ የሚፈሩት የገዛ እጃቸውን ነው። ስለዚህ ሊሸጧት ቆረጡና አንድን ፋርማሲስት ቅዳሜ ከሰዓት መጥተህ ውሰዳት አሉት።

ይህን የሰማች ልጃቸው ቅዳሜ ጠዋት ቱታ ለብሳ ከተፍ አለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የሁለት ልጆች እናት። መንዳት የተማረችው በእሜቴ ነው፤ ልጆቿም በእሜቴ እንዲማሩ ቆርጣለች። አባትየው ስለ ገዢው፣ ስለ ዕድሜያቸው፣ ስለ ግቢው ጠባብነት ብዙ አወሩ። ሁሉንም ካዳመጠች በኋላ፣ «አንተ አዘኝ፣ እኔ ልሥራ» አለች።

«አንድ ነገር ብትሆኚስ?»

«እጀታውን ይዤ እገባለሁ። ሕጉ ያንተ አይደል እንዴ አባዬ?»

አባትየው ለጊዜው ከፍ እናድርጋት፣ መግባቱን ከዚያ እናያለን አሉ።

ሊሾው ደልዳላ መሆኑን አየች። ማርሽ አስገባች፣ የእጅ ፍሬኑን ያዘች፣ የኋላ ጎማዎቹ እንዳይንከባለሉ ከፊትም ከኋላም ታኮ ጣለችባቸው። አባትየው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ቀስ፣ ቀስ ይላሉ። ክሪኩን ከፊት መሐል ላይ ካለው ወፍራም ተሸካሚ ብረት ሥር አስገብታ እጀታውን ከፍ ዝቅ ስታደርግ እሜቴ እያቃሰተች አፍንጫዋን አነሳች።

ሁለቱን የብረት መቆሚያዎች የት ላድርግ ስትል፣ በከዘራቸው በመኪናዋ በሮች ሥር ያለውን ጠርዝ አሳዩዋት፤ ሠላሳ ዓመት ያቆሙባት ቦታ ነው። እጇን ሰዳ ዳበሰችው፤ በጣቷም አንኳኳችው። ቀኙ ጥሩ ድምፅ ሰጠ፤ ግራው እንደ አሮጌ ካርቶን የታፈነ ድምፅ ሰጠ። እዚህ ጋ ሳስቷል ብትላቸው፣ ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች አሉና ተቆጡ። አምና በገዛ እጃቸው ጥቁር ቀለም የቀቡት ብረት ነው! ልጅቷ መቆሚያዎቹን ባሳዩዋት ቦታ አድርጋ መኪናዋን አሳረፈቻት፤ ክሪኩን ግን ለመጠባበቂያ መሐሉን ወፍራም ብረት እንደነካ ተወችውና እጀታውን ነቀለች።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ በጋሽ ቀስበሉ ደንብ መኪና በዳሌ ሦስት ጊዜ ሳይገፋ ማንም ሥሩ አይገባም። ተነሥተው ገፉ። ምንም የለም። ደግመው ሲገፉ ቅንጣት ጥቁር ቀለም ሊሾው ላይ ረገፈች። በሦስተኛው ግራው መቆሚያ ብረቱን ቀድዶ ገባና እሜቴ ሁለት ጣት ያህል ወደ ግራ ወረደች። ክሪኩ ያዛት።

ሥሯ ማንም አልነበረም። ቢሆንም ጋሽ ቀስበሉ ተመልሰው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። «ዝገቱን አምና አይቼዋለሁ። አሮጊት እንዳትመስል ብዬ ቀለም ቀባሁበት» አሉ።

ልጅቷ ልትቆጣቸው ትችል ነበር። «የበሰበሰ ጨርቅ ላይ ቁልፍ አይተከልም፣ አባዬ» ብቻ አለቻቸውና እጀታውን መልሳ ሰክታ መኪናዋን እንደገና አነሳች። አሁን ማንንም ሳትጠይቅ መቆሚያዎቹን ከወፍራሙ ብረት ግራና ቀኝ ጫፍ አደረገቻቸው። ከዚያ አባቷን እጃቸውን ይዛ አስነሳችና ግፋ አለቻቸው። ሦስት ጊዜ ገፉ። አላመኑም፤ አምስት፣ ስድስት ጊዜ ገፉ። በዚህ መሐል መቀስና ማበጠሪያ በኪሱ እንደያዘ የመጣው ወንድማቸውም ደህናውን እግሩን ተክሎ ገፋ። እሜቴ ንቅንቅ አላለችም።

ልጅቷ እጀታውን ነቅላ በእጇ ይዛ ፈቃዳቸውን ጠበቀች። ሽማግሌው መኪናዋን አዩ፣ የወንድማቸውን እግር አዩ፣ ከዚያ ልጃቸውን አዩ።

«ግቢ» አሉ።

ፋርማሲስቱ የደረሰው እሷ አሮጌውን ጎሚኒ አውጥታ አዲሱን እየገጠመች ሳለ ነው። መኪናዋን አውርዱልኝና ልሞክራት አለ። ጋሽ ቀስበሉ ባዶ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩት፤ ደስ ብሏቸዋል።

«እጀታው እሷ ጋ ነው። የምትወርደው እሷ ስትል ነው። ሽያጩንም እሷን ጠይቃት።»

ከሥር፣ «አትሸጥም በለው» የሚል ድምፅ መጣ።

ሰውየው ግራ ገብቶት ሲቆም፣ ፀጉር አስተካካዩ በርጩማውን ጎትቶ አቀረበለትና መቀሱን ከኪሱ አወጣ። ከመጣህ አይቀር ፀጉርህ ይስተካከል አለው። ፋርማሲስቱ እግሩን አየት ሲያደርግ፣ «አይዞህ፣ ያሳጠረው ይሄ ወንድሜ ነው፤ እኔ እኩል ነው የምቆርጠው» አለ። ጋሽ ቀስበሉ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ ከዘራቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ድረስ ሳቁ።