አሥራ ሁለቱ ሞካሪዎች

አባቷ ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶብስ ነድቶ፣ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ስትሮክ መታውና አንደበቱ ተያዘ። የሚነገረውን ሁሉ ይሰማል፣ ይገባዋል፤ ከአፉ የሚወጣው ግን «እሺ» ብቻ ሆነ። ሲስማማም እሺ፣ ሲቆጣም እሺ። የሂሳብ መምህርት የሆነችውን ልጁን ይህ «እሺ» አንጀቷን በላው። የትምህርት ቤቱን እረፍት ሙሉ ኮምፒውተሯ ላይ ተተክላ፣ ሥዕል ሲነኩት በእሷ ድምፅ የሚናገር አፕ ሠራችለት። ብርጭቆውን ሲነካው «ውሃ ስጡኝ»፣ ትራሱን ሲነካው «ደክሞኛል» ይላል።

አባቷን የሚከታተለው የንግግር ሐኪም አይቶ ተገረመ። «ይሄማ ለስንቱ ይጠቅማል! ለምን ፕሌይ ስቶር ላይ አታወጪውም?» አላት።

ቀላል መስሏት ነበር። የዴቨሎፐር አካውንት ከፈተች፣ መታወቂያዋን ላከች፣ አፑን ጫነች። መልሱ ግን ወገብ የሚቆርጥ ሆነ፦ አዲስ ስለሆነች፣ መጀመሪያ አሥራ ሁለት ሰዎች ለተከታታይ አሥራ አራት ቀናት ሊሞክሩላት ይገባል።

«አሥራ ሁለት ሰው ከየት ልውለድ?» አለችው ሐኪሙን።

«ማክሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ነይ» አላት።

ማክሰኞ ሕሙማኑ ከነአስታማሚዎቻቸው ኮሪደሩ ላይ ተደርድረው ጠበቋት። ፈራ ተባ እያለች አስረዳች፤ ስልክ እየተቀበለች ጫነችላቸው። አሥራ አንድ ሆኑ። ከአባቷ ጋር ሞላላት።

በስድስተኛው ቀን የአንዷ ሞካሪ፣ የልብስ ሰፊዋ ባል ደወለ። «ባለቤቴ ከእንግዲህ አልነካውም ብላለች» አላት።

መምህርቷ ክው አለች። አንድ ሰው ከጎደለ ቆጠራው ሊበላሽ ነው። ከሥራ እንደወጣች ቤታቸው ሄደች። ልብስ ሰፊዋ ስፌት መኪናዋ አጠገብ፣ ጠርዙ በግማሽ የተሰፋ መጋረጃ ታቅፋ ተቀምጣለች። ስልኩን አነሳችና ብርጭቆውን፣ ትራሱን፣ መጸዳጃ ቤቱን ተራ በተራ ነካች። ከዚያ ሁለት እጇን ዘርግታ መምህርቷን አፍጥጣ አየቻት።

«በቃ ይኸው ነው ወይ? ማለቷ ነው» አለ ባልየው። «እሷ እኮ ስታወራ ሰፈሩን በሳቅ የምትገድል ሰው ነበረች።»

መምህርቷ አፈረች። ለካ የሠራችው የበሽተኛ አፍ ነው፤ የሰው አፍ አይደለም። ደብተሯን አወጣች። ባልየው ሚስቱ ትል የነበረውን እያስታወሰ ዘረዘረ፤ ሴትዮዋ ራሷን ዝቅ ከፍ እያደረገች አጸደቀች። «ኧረ ውሸት!» አዎ። «እኔ አላልኩም?» አዎ። «እስቲ ተዉኝ!» አዎ፣ አዎ።

«የኔ ጌታም ትለኝ ነበር» አለ ባልየው።

ሴትዮዋ ራሷን ግራና ቀኝ በኃይል ነቀነቀች፤ ሦስቱም በሳቅ ፈረሱ።

አዲሱን ቨርዥን በማግስቱ ለሁሉም ላከች። ማታ እራት ላይ አባቷን «ሾርባው ጨው አልተቀነሰበትም፣ እንደ ድሮው ነው» ብላ ልታባብለው ሞከረች። አባቷ ስልኩን ሳብ አደረገ።

«ኧረ ውሸት!» አለ ስልኩ፣ በራሷ ድምፅ። አባትዬው እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

አሥራ አራቱ ቀናት ሲሞሉ አፑን እንዲያጸድቁላት አስገባች። ተመለሰባት፤ «አፕዎ ማይክሮፎን ለመጠቀም ፈቃድ የሚጠይቀው ለምንድን ነው?» አሏት። ድሮ ድምፅ መቅጃ ልትጨምር አስባ፣ ሐሳቧን ስትቀይር ረስታ የተወችው መስመር ነበር። ሰረዘችውና እንደገና ላከች። በሦስተኛው ቀን፣ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ የማጽደቂያው መልእክት ሲደርሳት እልል አለች፤ የፊዚክስ መምህሩ ደንግጦ ቀይ እስክሪብቶውን ጣለ።

ሳምንት ሳይሞላ ከማታውቀው ሰው አስተያየት መጣ። «ወንድሜ ከስምንት ወር ዝምታ በኋላ ዛሬ ተቆጣኝ፤ ደስታዬን አልችለውም። ችግሩ የተቆጣኝ በሴት ድምፅ ነው። እባካችሁ የወንድ ድምፅም ጨምሩ» ይላል።

በማግስቱ የስፖርት መምህሩን ለምና ባዶ ክፍል አስገባችው። ግቢውን የሚያናውጠው ሰውዬ ስልኩ ፊት ሲቆም ድምፁ ሟሸሸ።

«እስቲ ተዉኝ» አለ በለሆሳስ።

«ኧረ ትንሽ ተናደድ!» አለችው፣ ሳቋን እየዋጠች።

ጉሮሮውን ጠረገና እንደገና ጀመረ።